ስደተኛ ጠበቃ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ሊመረጥ ይችላል?

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ሕግ ተምረህ አሁን አሌክሳንድሪያ እንደምትኖር ገልጸህ፣ ውጭ የተወለደ ሰው ጠበቃ ሆኖ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት መመረጥ ይችል እንደሆነ ጠይቀሃል። አዎ፣ ይችላል፤ ተመርጦም አይተናል።

ማርክ ኪም የተወለደው ሴኡል ነው። ቬትናምና አውስትራሊያ ኖሮ በአሥራዎቹ ዕድሜው አሜሪካ ገባ፤ ሕግ የተማረው ካሊፎርኒያ ነው። ዋሽንግተን የሴናተር ዲክ ደርቢን ዋና የሕግ አማካሪ ነበር፤ በኋላም ቬራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ ተቀጠረ። በ2009 እ.ኤ.አ. ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያለችውን የቪየና ከተማንና አካባቢዋን ወክሎ ለቨርጂኒያ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። እስያ ተወልዶ በቨርጂኒያ በግዛት ደረጃ ለሥልጣን በመመረጥ የመጀመሪያው ስደተኛ እርሱ ነው። እስከ 2022 ቆይቶ ወደ ፌዴራሉ የንግድ ሚኒስቴር ሄደ።

የአንተ መንገድ ግን ከእርሱ ይለያል፤ ዲግሪህን ይዘህ ነው የመጣኸው። የውጭ አገር የሕግ ዲግሪ ብቻውን ለቨርጂኒያ የጥብቅና ፈተና አያስቀምጥም። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ልጆች የአንድ ዓመት ማስተርስ ተምረው ኒው ዮርክ የተፈተኑት ለዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ ለመመረጥ ጠበቃ መሆን ግዴታ አይደለም። ዕድሜህ 21 ከሞላ፣ ቨርጂኒያ አንድ ዓመት ከኖርክ፣ በምትወዳደርበት ወረዳ ነዋሪና መራጭ ከሆንክ ይበቃል። ለፌዴራሉ የተወካዮች ምክር ቤት ከዜግነት በኋላ 7 ዓመት፣ ለሴኔት 9 ዓመት ይጠየቃል፤ እዚህ ግን ዜግነቱን ካገኘህ እንዲህ ያለ የቆይታ ዘመን የለም። ይህን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ለመግባት ከወረዳህ መራጮች 125 ፊርማ ያስፈልግሃል። ለአንድ ዕጩ ፊርማ ሳሰባስብ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ነበር። እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ለልጃችን እንፈርማለን» ብለው ተሰለፉ። አድራሻቸውን ሲጽፉ ግን አንዷ ሜሪላንድ፣ ሌላዋ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወረዳ ሆነው ተገኙ፤ ከሞላው ወረቀት የተረፈው ጥቂት ነበር። የተረፈውንም ያሰባሰበው ሰው ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት ምሎ ይፈርምበታል። ከዚያ በኋላ ከዕጩው ጋር በየቤቱ ስንዞር፣ ሰዎች ስለ ዘዬው አንድም ቀን አልጠየቁም፤ የሚጠይቁት ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ መጨናነቅ ነበር። ዘዬህን አትፍራ፤ የወረዳህን ጉዳይ ሳታውቅ በር ማንኳኳትን ፍራ።

ደመወዙንም አስብበት። የቨርጂኒያ ተወካይ ክፍያ ለብዙ ዓመታት በዓመት 17,640 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ ከምክር ቤቱ ጉባኤ ጎን ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ስብሰባው ጥር ላይ ሪችመንድ ስለሚጀመር ቀጣሪህ ለሳምንታት ሊለቅህ ይገባል።

መቶዎቹም መቀመጫዎች በየሁለት ዓመቱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ቁጥሩ ጎደሎ በሆነ ዓመት ለምርጫ ይቀርባሉ። ቅድመ ምርጫው ሰኔ ላይ ነው፤ ፊርማ መሰብሰብ የሚጀመረው ግን ከጥር ወር ጀምሮ ነው። በመጪው ዙር ከአንድ ዕጩ ጋር ፊርማ አሰባስብ፤ ከዚያ በፊት ግን የወረዳህን ካርታ አውጥተህ ድንበሩ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ እወቅ።