ሥዕሉ ያላሳየውን የኮት ኋላ በምን ቀለም እንቀባ?
ውድ ጠያቂ፣ በምናብ ለፈጠሩት መስፍናዊ ግዛት የተሣለው የእግረኛ ወታደር ሥዕል ከፊት ብቻ ስለሚያሳይ፣ በሚቀቡት ትንሽ የወታደር ቅርጽ ላይ የኮቱን ኋላ በምን ቀለም እንደሚቀቡ ጠይቀዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኮቱ የታች ጫፍ ወደ ኋላ ታጥፎ ስለሚያያዝ ገበሩ ከውጭ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የገበሩን ቀለም ይወስኑ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1756 እስከ 1763 በተካሄደው የሰባት ዓመት ጦርነት አብዛኞቹ የፕሩሺያ እግረኞች ጥቁር ሰማያዊ ኮት በቀይ ገበር ሲለብሱ፣ ኦስትሪያውያን ግን ነጭ ኮት ለብሰው ሬጅመንቶቻቸውን (የጦር ክፍሎቻቸውን) በአብዛኛው በእጅጌ ጫፍና በደረት እጥፋት ቀለም ይለዩ ነበር። እኔ የኦስትሪያውን ሥርዓት እመርጥልዎታለሁ፤ ቀለም ያልተነከረ ጨርቅ ርካሽ ስለነበር ለትንሽ ግዛት ግምጃ ቤት የሚታመን ነውና። ሠዓሊው ያበዛውን የወርቅ ጥልፍ ለመኮንኖቹ ይተዉት፤ በ28 ሚሊሜትር የወታደር ቅርጽ ላይ ለተራው ወታደር ነጭ ወይም ቢጫ የብረት አዝራር ይበቃዋል።