ታርቀናል፤ ታዲያ ወንድሜ ለምን ይከሰሳል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወንድሜ በወሰን ጉዳይ ከጎረቤታችን ጋር ተጣልቶ በዱላ ክንዱን ሰበረው። ፖሊስ ሁለት ጊዜ 14፣ 14 ቀን ቀጠሮ ጠየቀበት፤ ከዚያም በወንጀል ሕግ ቁጥር 555 ተከሰሰ። ዋስትናም «ጉዳቱ ከባድ ነው» ተብሎ ከ12 ቀን በፊት ተከለከለ። በመካከሉ ሽማግሌ ገብቶ 70 ሺህ ብር ካሳ ከፍለን ታርቀናል። ጎረቤታችን ራሱ ችሎት ቀርቦ «እኔ ክስ የለኝም» ብሏል። የዕርቁን ወረቀት ፎቶ አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ተበዳዩ ይቅር ካለ ሌላው ምን አገባው? ይህስ ፍትሕ ነው? — ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእናንተ ቤት የተወጋውም ረስቷል፤ ያልረሳው ዐቃቤ ሕግ ነው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ፤ ቀን የሚቆጠርበት ነገር ስላለ ግን በእርሱ ልጀምር።

ዋስትና በመከልከሉ ላይ ይግባኝ የሚባለው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ነው። 12ቱ አልፈዋል። ዛሬውኑ የትእዛዙን ግልባጭ ያስወጡ። ይግባኙ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ቁጥር 63 ዋስትናን የሚከለክለው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፤ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆኑ፣ ተጎጂውም በደረሰበት ጉዳት ሊሞት የሚችል መሆኑ። የቁጥር 555 የቅጣት ጣሪያ 15 ዓመት ስለሆነ የመጀመሪያው ተሟልቷል። ሁለተኛው ግን የለም፤ ሰውየው ክንዱን በጄሶ አስሮ በእግሩ ችሎት ድረስ መጥቷል። የጉዳቱ ክብደት ብቻውን ሰውን ያለ ዋስ ለማቆየት አይበቃም። ፍርድ ቤት ሊመለከት የሚገባው በቁጥር 67 የተዘረዘሩትን ነው፤ ተከሳሹ በቀጠሮው ሳይቀርብ ይቀራል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ። ወንድምዎ ቋሚ አድራሻ ያለው፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው፣ ከዚህ ቀደም ያልተከሰሰ ሰው መሆኑን በማስረጃ አስደግፉ። የደመወዝ ዋስ የሚሆን ዘመድ ካለም ስሙን በአቤቱታው ላይ ጥቀሱ። እነዚያ «ምስክር ያባብላል» የሚሉትን ቃላት ግን ልብ ይበሉ፤ ወደ ወረቀቱ ስንደርስ ያስፈልጉናል።

አሁን ወደ ቅሬታዎ። የአካል ጉዳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 556 ንዑስ ቁጥር 1 የተመለከተው ቀላል ጉዳት የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፤ በዚያ ዓይነት ጉዳይ የተበዳዩ ይቅርታ ብዙ ይሠራል። የወንድምዎ ጉዳይ ግን በሁለት በኩል ከዚያ ወጥቷል። አንደኛ፣ ክሱ የቀረበው ከባድ የአካል ጉዳትን በሚመለከተው በቁጥር 555 ነው። ሁለተኛ፣ ወደ 556 ዝቅ ቢል እንኳ ዱላ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል መሣሪያ ስለሆነ ንዑስ ቁጥር 2 ውስጥ ይወድቃል፤ እዚያ ደግሞ ክሱ በተበዳዩ አቤቱታ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ክስ የማንሳት ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ እንጂ የጎረቤታችሁ አይደለም።

ቢሆንም በ555 እና በ556 መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል፤ የ556 ንዑስ ቁጥር 2 ግን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው። የጠበቃችሁ ጉልበት በዋናነት መዋል ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሕክምና ማስረጃውን አስወጥታችሁ አንብቡ። አጥንቱ ገጥሞ ክንዱ እንደ ቀድሞው ይሠራል ወይስ ዘላቂ ጉድለት ቀርቷል? የክሱ ዕጣ ያለው በዚያች አንድ ገጽ ላይ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሽማግሌ ሲያመላልስ ይከርምና ወረቀቷን የሚያያት ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁ ፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ፤ ፍትሕ እንዳይጓደል በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጻፈ መብት ነው።

«ይህ ፍትሕ ነው?» ላሉኝ፣ አዎ፣ በዚህ ላይ ከሕጉ ጎን ነኝ። ሕጋችን ዕርቅን ጨርሶ የናቀ አይደለም። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ ቀላል ድብደባንና ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በዕርቅ እንዲጨርስ ያዝዝ ነበር። ከዚያ ያለፈውን ግን ለሽማግሌ አልተወም። የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን የፈቀደው ሕገ መንግሥትም የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። ዕርቅ በሁለት እኩዮች መካከል ሲሆን ያማረ ነገር ነው፤ አንዱ ባለ ሀብት፣ ሌላው ጭሰኛ ሲሆን ግን «ይቅር ብያለሁ» የሚለው ቃል ከልብ ይሁን ከፍርሃት ማን ያውቃል? በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ የጠለፈ ሰው ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ሽማግሌ ይገባል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ ልጅቷ የደፈራትን ሰው አጎንብሳ ታገባለች፤ ያም ዕርቅ ይባል ነበር። የ1996ቱ ሕግ በቁጥር 587 ጋብቻው ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም አለ። የእናንተ ዕርቅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ንጹሑንና በግድ የተገኘውን በሽማግሌ ወረቀት ብቻ ሊለያቸው ስለማይችል ነው ጉዳዩን ለራሱ ያስቀረው።

ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ከደብተር የተገነጠለ ቅጠል ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል፣ ጎረቤታችሁም በአውራ ጣቱ አትሟል። ካሳው መከፈሉን ይገልጻል፤ ይህ ጥሩ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል የጸና ስለሆነ፣ ነገ ሌላ ካሳ እንዳትጠየቁ ይከላከልላችኋል። ከታች በሌላ ብዕር የተጨመረችው መስመር ግን አሳስባኛለች፦ «ምስክሮችም ተጠርተው እንዳይሄዱ ተስማምተናል።» ሽማግሌዎቹ ይህን የጻፉት ለክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ። ዐቃቤ ሕግ እጅ ከገባች ግን ዋስትናውን ለማስከልከል ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ምስክሩ ችሎት ቀርቦ ፖሊስ ዘንድ ከሰጠው ቃል የተለየ ነገር ቢናገርም፣ የቀድሞ ቃሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 ተነቦ አመኔታውን ሊያሳጣው ይችላል፤ በሐሰት መመስከር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ወንድምን ለማዳን ጎረቤትን ወህኒ መክተት አይገባም።

ወረቀቱን እንዳትቀድዱት፣ እንዳታቃጥሉት። ሽማግሌዎቹን መልሳችሁ ሰብስቡና ያች መስመር መሻሯን፣ ምስክሮች ሲጠሩ ሄደው ያዩትን እንደሚናገሩ የሚገልጽ ሁለተኛ ጽሑፍ አስፈርሙ። ከዚህ በኋላም ከእናንተ ወገን ማንም ምስክሮቹን ስለ ጉዳዩ አያነጋግር፤ እናታችሁም ብትሆን።

ዕርቁ ቦታ የሌለው እንዳይመስልዎ። ወንድምዎ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ፍርድ ቤቱ የሁለቱንም ወገን የቅጣት አስተያየት ይጠይቃል። መጸጸት፣ ጥፋትን ማመን፣ ተጎጂን መርዳትና ያደረሱትን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 82 ቅጣት የሚያቀልሉ ምክንያቶች ናቸው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አወሳሰን መመሪያም ማቅለያ ምክንያት ቅጣቱን በእርከን እንዲቀንስ ያደርጋል። ከዚህ ቀደም ያልተቀጣ ሰው ስለሆነ ቅጣቱ እንዲገደብለት፣ ማለትም ሳይታሰር በገደብ እንዲለቀቅ መጠየቅም ይቻላል። ጸቡን ማን እንደ ጀመረው አልነገሩኝም፤ ጎረቤታችሁ አስቀድሞ ሰድቦት ወይም መትቶት ከሆነ ለጠበቃው ሳይሸሽጉ ይንገሩት፣ ያም ሊመዘን ይችላልና።

የቅጣት አስተያየት በሚሰማበት ቀን 70 ሺህ ብሩ መቼና በማን እጅ እንደ ተሰጠ የሚናገር አንድ ሽማግሌ ይምጣ። ጎረቤታችሁም ፈቃደኛ ከሆነ ራሱ ይናገር፤ «ክስ የለኝም» ከሚል ይልቅ «ክሶኛል፣ አሁንም በአንድ አጥር እንኖራለን» ቢል ለዳኛው የሚጠቅመው ይህ ነው።