ምላጩን ለወንድምህ አትስጠው
የአንባብያን ጥያቄና የአሮጌ ምላጭ ጠጋኙ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ሲያርፉ ከሳጥናቸው ውስጥ ታጣፊ የጢም ምላጭ ተገኘ። ስለቱ ዝጓል፤ እጀታው ጥቁር ነው። አንገቱ ላይ ዘውድ ታትሟል፤ ከዘውዱ ግራና ቀኝ «ቪ» እና «አር» የተባሉት የላቲን ፊደላት፣ ከሥራቸውም «ሼፊልድ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ዕድሜው ስንት ይሆናል? ወንድሜ በኤሌክትሪክ መሳያ አንድ ጊዜ ቢነካ አዲስ ይሆናል ይላል።

መልስ፦ ልጄ፣ ከዕድሜው በፊት ወንድምህን እናስቁመው። የምላጭ ብረት ሲሠራ ግሎ ይነከርና ይጠነክራል፤ ከዚያም እንዳይሰበር በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደገና ሞቆ ይለዝባል። የስለቱ ጫፍ እጅግ የሳሳ ስለሆነ በሚሽከረከር ድንጋይ ሲነካ ሙቀቱ የሚሸሽበት ሥጋ የለውም። ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ያ ሰማያዊ ክፍል ከእንግዲህ ወዲያ ስለት አይዝም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ምላጬ ዞሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የተሠራ ነበር፤ ጎኑ ላይ በወርቅ ቅብ ያጌጠ ጽሑፍ ነበረው። በብረት ማወልወያ አንድ ጊዜ ብጠርገው ወርቁ ጨርቁ ላይ ቀረ። ያ አልበቃ ብሎኝ ስለቱን በኤሌክትሪክ መሳያ ሰማያዊ አደረግሁት፤ ሁለቱም ጥፋት የአንድ ቀን ነው። ምላጩ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የሚቸኩል ሰው ሲመጣብኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። ሼፊልድ የእንግሊዝ የስለት ከተማ ናት፤ ቤንጃሚን ሀንትስማን እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ አረብ ብረትን በሸክላ ማሰሮ ማቅለጥ የጀመረው በዚያው አካባቢ ነው። ሁለቱ ፊደላት «ቪክቶሪያ ሬጂና»፣ ማለትም ንግሥት ቪክቶሪያ ማለት ናቸው። የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ስለሆነ ምላጭህ ከ1837 አይቀድምም። መጨረሻውን ግን ማኅተሙ ብቻውን አይነግርህም፤ ሠሪ ዘውድ በተለወጠ ቁጥር የብረት ማኅተሙን አውጥቶ አይጥልም። ስለዚህ «ኢንግላንድ» የሚል ቃል ፈልግ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ መሠረት፣ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ተደረገ። ቃሉ ካለ ከዚያ ወዲህ የመሠራቱ ዕድል ሰፊ ነው። ከሌለ ግን «እንግዲያው ይቀድማል» ብለህ አትማል፤ ለአሜሪካ ገበያ ያልታሰበን ምላጭ ሕጉ አይመለከተውም ነበር። ቀጥሎ ምላጩን ከአፍንጫው፣ ማለትም ከጫፉ በኩል አቁመህ እየው። ከጀርባው እስከ ስለቱ እንደ ሽብልቅ ቀጥ ብሎ የሚጠብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው አሠራር ነው፤ ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ የኋለኛው ዘመን።

እጀታው ቀንድ ይመስለኛል። በብርሃን ፊት ስትይዘው ጠርዙ ላይ ቡናማ ጭረት ካሳየህ ነው። በጋለ መርፌ ወግተው የሚፈትኑ ሰዎች አሉ፤ እጀታው ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ሆኖ ከተገኘ እሳት ይይዛልና ተወው።

ለዝገቱ ምላጩን ዘይት አጠጥተህ አሳድረው። በማግስቱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተህ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቡሽ ላይ ጠቅልለህ በዘይት እያራስህ፣ በ600 ቁጥር ጀምረህ በ1000 አድርገህ በ2000 ጨርስ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሻካራነቱ ይቀንሳል። እጅህ ሁልጊዜ ከጀርባው ወደ ስለቱ ይሂድ፤ ሲመለስ ብረቱን አይንካ። ማኅተሙ አጠገብ አትድረስ። ቀዩ ዝገት ይሂድ፤ ከሥሩ የሚቀረው ግራጫ ጥላ ግን የዕድሜው መልክ ነውና ይቆይ። ጥቁር ነጥቦቹ ጎድጉደው ስለቱ ድረስ ከዘለቁ፣ ወይም ስንጥቅ ካየህ፣ ምላጩ ለመታየት እንጂ ለመላጨት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩትን ምላጭ ሦስት ጊዜ አጸዳሁት። ዝገቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመጣውም ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ በሚገባው ክፍል ላይ ብቻ ነው። እጀታው ማር የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ምን አጥፍቼ ይሆን?

መልስ፦ እመቤቴ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ ጥፋተኛው እጀታው ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም አሲድ የሆነ ተን ይተፋል፤ ያ ተን በቅርቡ ያገኘውን ብረት ይበላል። የበሰበሰ ሴሉሎይድ መድኃኒት የለውም። የናስ ሚስማሩን ራስ በትንሽ ሞረድ አሳስተው ወደ ውጭ ይግፉትና እጀታውን ይለዩ። ሌሎች ምላጮች ካሉዎት ዛሬውኑ ከአጠገቡ ያርቋቸው። የአባትዎ መታሰቢያ ነውና አልጥለውም ካሉ፣ ለብቻው፣ አየር በሚያገኝና ከእሳት በራቀ ቦታ ያኑሩት። ለምላጩ ከቀንድ ወይም ከጠንካራ እንጨት አዲስ እጀታ ያሠሩለት።

ጥያቄ፦ ምላጬን ጀርባውን ከፍ አድርጌ እንደ ቢላዋ በደንብ ሳልኩት፤ ነገር ግን ጢሜን ይጎትታል።

መልስ፦ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። የምላጭ ጀርባ የወፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩ ላይ ሲተኙ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው ያ ውፍረት ነው፤ ጀርባውን ካነሡት ማዕዘኑ ይደነዝዛል። ስለቱን በማርከር ቀለም ይቀቡና በ1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ያስኪዱት። ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልለቀቀ ወደ 4000 አይሻገሩ። እኔ በ1000 ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ በ4000 እና በ8000 ላይ ግን ጥቂት ነው የምቆየው። መጨረሻ ምላጭ በሚፋጭበት የቆዳ ጠፍር ላይ ሲያፋጩት ጀርባው ይቅደም፤ ስለቱ ይከተል። ሲመልሱትም በጀርባው በኩል ያገላብጡት፤ አለዚያ ጠፍሩ ይቆረጣል። የእኔ ጠፍር ሦስት ቁስል አለበት፤ ሦስቱም የተገኙት ከሰው ጋር ሳወራ ነው።