«ብርዱ ሲገባ ቆዳዬ አመድ ይመስላል፤ የማልቀባው ነገር የለም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከአዲስ አበባ ሚኒሶታ ከመጣሁ ይሄ ሦስተኛው ዊንተር ነው። አገር ቤት እያለሁ ቆዳዬ አስቸግሮኝ አያውቅም። እዚህ ግን ከኅዳር ጀምሮ እግሬና ክንዴ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ማታ ማታ ያሳክከኛል። ፊቴን ስታጠብ ይወጠርና የምቀባው ሁሉ ያቃጥለኛል። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ስለሆነ እጄን ቀኑን ሙሉ እታጠባለሁ፣ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀዋል። ሎሽን አሥሬ እቀባለሁ፣ የቫይታሚን ሲ ሴረም ገዝቻለሁ፣ ጓደኛዬ የሰጠችኝን ፊት የሚያጠራ ክሬምም ሁለት ወር ተቀብቻለሁ። መጀመሪያ አሪፍ ነበር፣ አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ይብስብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከመጨረሻው ልጀምር፣ ከድርቀቱ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ፊት ያጠራሉ ተብለው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ብዙ ክሬሞች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ይገኛል። መጀመሪያ ላይ ማሳከኩም መቅላቱም ይጠፋና ፊት ያምራል። እየቆየ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉር ያወጣል፣ ደም ሥር ያሳያል፣ ሲተዉት ደግሞ ፊት ይቃጠላል። ስለዚህ ስተወው ይብስብኛል ያሉት ክሬሙ ያስፈልግዎታል ማለት አይደለም፣ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪም ይገኛል፣ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። እባክዎ ቱቦውን ሳይጥሉ ይዘው በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በአንዴ ይቁም ወይስ ቀስ በቀስ የሚለውን እሱ ይወስን። ለጓደኛዎም ይንገሯት።

አሁን ወደ ድርቀቱ። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይደርቅና የቤቱ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። አዲስ አበባም እኮ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ግን ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ቤት ውስጥም ሌት ተቀን የሚሠራ ማሞቂያ የለም። የላይኛው ቆዳችን ውሃውን የሚይዘው በሴሎቹ መካከል ባለው ስብ ነው። ያ ስብ ሲታጠብና ሲሳሳ ቆዳው ጭድ እንዳልገባበት ምርጊት ይሰነጣጠቃል፣ የሚቀቡት ነገር በስንጥቁ ይገባና ያቃጥላል።

ስለዚህ የእርስዎ ችግር የሚቀቡት ማነሱ አይደለም። ትልቁ ነገር አስተጣጠቡና የሚቀቡበት ሰዓት ነው።

ከሥራ በብርድ ደርቀው ሲገቡ ሙቅ ሻወር ሥር ግማሽ ሰዓት መቆም እንዴት እንደሚያስደስት አውቃለሁ፣ ግን ስቡን ጥርግ አድርጎ የሚወስደው እሱ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ብብት፣ ከቁርጭምጭሚት በታችና ሐፍረተ ሥጋ አካባቢ ብቻ፣ የቀረው እግርና ክንድ ላይ ውሃ ይበቃል። አረፋ ካላየሁ የታጠብኩ አይመስለኝም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እርስዎም ከነሱ ከሆኑ ለሁለት ሳምንት ብቻ ይሞክሩት። በሻካራ ነገር መፈተጉንም ይተዉት። ከዚያ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁና ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይቀቡ።

ምን ልቀባ? ሎሽኑን ሙቀቱ እስኪመጣ ያቆዩት። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ብርድ አይበቃም። ወፈር ያለ፣ ሽቶ የሌለው፣ ግሊሰሪንና ሴራማይድ (ቆዳችን ውስጥ ያለው ዓይነት ስብ) ያለው ክሬም ይግዙ። ከላይ ተራ ነጭ ቫዝሊን ሳሳ አድርገው ይደርቡበት። ርካሽ ነው፣ ውሃ እንዳይወጣ በመያዝ ደግሞ ውድ ከሆኑት ብዙዎቹ አይደርሱበትም። ለእግርና ለተረከዝ ንቃቃት 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ጥሩ ነው፣ የቆሰለ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላል። ቅቤ ልቀባ ወይ የሚሉኝ አሉ፤ ለፀጉር ይሁን፣ ለተሰነጠቀ ፊት ግን አልመክርም። የወይራ ዘይትም የቆዳውን ስብ ሊያዳክም ስለሚችል ይቅር። ሴረሙን፣ ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ የፊት ቅባት) ካለዎትም እሱን፣ ማቃጠሉ እስኪቆም ያስቀምጡት። ውሃ ብዙ ጠጪ የሚልዎትን ይስሙ፣ ለጤና ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ ያላነሰው ሰው ቢጨምር የደረቀ ቆዳው አይድንም።

እጅዎን ሥራ ላይ አልታጠብም ማለት አይችሉም። ግን በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ግሊሰሪን ያለው የአልኮል ሳኒታይዘር ከሳሙናና ውሃ ያነሰ ያደርቃል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል። ስንጥቁ ላይ ማቃጠሉ አይቀርም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይዳን። ማታ ቫዝሊን በደንብ ተቀብተው የጥጥ ጓንት አድርገው ይተኙ። ሥራ ቦታ የሚያደርጉት ጓንት ላቴክስ ከሆነ ግን ከሥሩ ቫዝሊን አይቀቡ፣ ላቴክሱን ያበላሸዋል። ቤት ዕቃ ሲያጥቡም ጓንት ያድርጉ።

ከቻሉ መኝታ ቤት ሂውሚዲፋየር (አየሩን የሚያረጥብ ማሽን) ያስገቡ፣ እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ማሽኑ በየጊዜው ካልታጠበ ሻጋታ ይይዛል። የሱፍ ልብስ ከቆዳ ጋር እንዳይገናኝ ከሥር ጥጥ ይልበሱ። የፀሐይ መከላከያውንም አይተዉ፣ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ወደ ፊት ይመልሳል፣ የኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ቁስል ብዙ ጊዜ ጥቁር ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው፣ ፀሐይ ያንን ያጠቁረዋል።

በዚህ ሁለት ሳምንት ቆይተው ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ውሃ የሚያዠው፣ ቢጫ ቅርፊት የያዘ ነገር ከታየ ሐኪም ይየው። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። አብሮዎት የሚኖር ሰውም ማታ የሚያሳክከው ከሆነ፣ በተለይ በጣቶች መሃል፣ እከክን እናስባለን። ከድርቀቱ ጋር ድካም ካለ፣ ክብደት ከጨመሩ፣ ብርድም ከሌላው ሰው በላይ የሚያንዘፈዝፍዎ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ችፌ በጥቁር ቆዳ ላይ እንደ ነጮቹ ቀይ አይሆንም። ግራጫ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ያልለመደው ሐኪም ቀለል አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። «ያሳክከኛል፣ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ቀለሙ ከድሮው ተለውጧል» ብለው በግልጽ ይንገሩት፣ ጤናማ በነበረ ጊዜ የተነሱት ፎቶ ካለም ያሳዩት። እንግሊዝኛው ከከበደዎ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ እዚያ ሆስፒታሎች በነጻ ያቀርባሉ።