«ይከላከላል» ወይስ «ይከልላል»?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኮራል ስለሚባለው የባሕር እንስሳ «ኮራል ሰውነቱ ውስጥ ያሉትን አልጌዎች ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላል» ብዬ ሳስረዳ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ አልጌዎቹ ጠላቶቹ ናቸው እንዴ?» አለኝ። እንዴት ነው ሚባለው?

መልስ፦ መምህር፣ ልጁ ጥሩ ጆሮ አለው። ተከላከለ ሚለው ግስ አብዛኛውን ጊዜ «ን»ን ሚያስከትለው ለአደጋው ነው፣ ወባን ይከላከላል፣ ጎርፍን ይከላከላል እንላለን፣ ስለዚ «አልጌዎቹን» ብለው ሲጀምሩ ሰሚው ኮራሉ አልጌ እያባረረ ይመስለዋል። በርግጥ «ራሱን ይከላከላል»ም «አገርን መከላከል»ም ስለምንል ስህተት ነው አልልም፣ ግን ክፍል ውስጥ ለምን ልጆቹ ይደናገራሉ።

እኔ ምመርጠው «ከለለ»ን ነው፣ ከነ «ለ»ው። እዚ ሐዋሳ ዋርካው ፀሐዩን ከለለልን፣ አዲሱ ፎቅ ሐይቁን ጋረደብን ይባላል አይደል፣ «ለ» ለጠቀመን «በ» ለጎዳን። አሁን ኮራሉን ይዩት፦ አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ሰርተው ያካፍሉታል፣ ጨለማ ውስጥ ቢከታቸው እሱም ይራባል፣ ዝም ቢላቸው ደሞ አልትራቫዮሌቱ ዲኤንኤያቸውን ይጎዳል። ስለዚ ሥጋው ውስጥ ማይኮስፖሪን መሰል አሚኖ አሲድ ሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ310 እስከ 360 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ጨረር ውጠው ወደ ሙቀት ይቀይሩታል፣ ለምግብ ስራ ሚፈለገው ከ400 እስከ 700 ያለው ብርሃን ግን ያልፋል። እንግዲህ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ኮራሉ ብርሃኑን ሳይጋርድባቸው ጨረሩን ይከልልላቸዋል»። አንድ «ባ» አንድ «ላ»፣ ነገሩ በሙሉ እዛ ውስጥ አለ፣ እኔ አማርኛ ለሳይንስ አይመችም ሲባል ሚያናድደኝ ለዚ ነው!

ግስ ግን እንደ እንስሳው ይቀያየራል። ቀይ ባሕር ውስጥም ሚገኘው ጃይንት ክላም ሚባለው ግዙፍ ባለ ዛጎል እንስሳ አልትራቫዮሌቱን ውጦ አልጌዎቹ ሚጠቀሙበት ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ስለሚያወጣው እሱ ላይ «ይቀይርላቸዋል» ይሻላል። በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ያለ አንድ የባሕር አኒሞን (አበባ ሚመስል ለስላሳ እንስሳ ነው) ደሞ የዛጎል ስብርባሪና ጠጠር ገላው ላይ ለጥፎ ፀሐይ ሲበረታ ኩምትር ይላል፣ ለሱ «ይከናነባል» ቢሉ ልጆቹ ወዲያው ይታያቸዋል።

ሌላው፣ እነዚን አልጌዎች «ጥገኛ» አይበሏቸው፣ ጥገኛ ለኮሶ ትል ነው። ደባል ይበሏቸው፣ የቤት ኪራይ እየከፈሉ ነው ሚኖሩት።