«ሮቦቱ» ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ታክሲ ውስጥ የቱፓክን «ካሊፎርኒያ ላቭ» በከፈተ ቁጥር እንጨቃጨቃለን። አዝማቹ ላይ እንደ ሮቦት የሚዘፍነው ማነው? ወንድሜ «ኦቶቱን ነው፣ የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድምህ ይቅርታ ያድርግልኝና ተሸንፏል። ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኦቶቱን፣ ማለትም የዘፋኝን ድምፅ የሚያቃናው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ደግሞ ለገበያ የቀረበው በ1997። ገና ያልተሠራ ነገር ከየት ይመጣል?

ሰውዬው ሮጀር ትራውትማን ይባላል። በ1951 ኦሃዮ ውስጥ ሃሚልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከወንድሞቹ ጋር «ዛፕ» የተባለ የፈንክ ባንድ ነበራቸው። የባንዱ ስም የወንድሙ የቴሪ ቅጽል ስም ነው።

ዕቃው ቶክቦክስ ነው። የኪቦርዱ ድምፅ ወደ አንዲት ትንሽ ስፒከር ይገባል። ስፒከሯ ድፍን ናት፤ ድምፁ መውጫ የሚያገኘው በላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው። የቱቦውን ጫፍ አፍህ ውስጥ ትከተዋለህ። ኪቦርዱን እየተጫወትክ ቃሉን በአፍህ ቅርፅ ብቻ ትለዋለህ፤ ጉሮሮህ ዝም ይላል። ዜማው የጣትህ ነው፣ ቃሉ የምላስህና የከንፈርህ። ማይኩ ከአፍህ የወጣውን ይለቅማል።

ሲወራ ቀላል ነው። ሰርግ ላይ ኪቦርድ በምጫወትበት ዘመን፣ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ቱቦ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ። ጥርሴ ሁሉ ነዘረኝ። ለሃጬ በቱቦው ቁልቁል ይወርዳል (ምግብ ላይ ያላችሁ ይቅርታ)። «ጠጅ» ስል «ጠ» ቁልጭ ብላ ትሰማለች። «ሸማ» ስል ግን «እማ» ብቻ ይቀራል፤ «ሸ» ትንፋሽ ትፈልጋለቻ! ባለቤቴ ሁለት ቀን ታገሰችኝና ቱቦውን ግቢ ጣለችው።

ሮጀር ቶክቦክስን አልፈለሰፈውም። ስቲቪ ዎንደርም ፒተር ፍራምፕተንም ቀድመውታል። የሱ ልዩነት ዘፈኑን ሙሉ በቱቦው መዝፈኑ ነው፤ ለሌሎቹ ቅመም ነበር፣ ለሱ ወጡ ራሱ። በ1980 የወጣውን «ሞር ባውንስ ቱ ዘ አውንስ» ስማ። ከቤዝ ተጫዋቹ ከቡትሲ ኮሊንስ ጋር ነው ያቀናበሩት። ቤዙ ወገብህን ይይዝሃል። ለኔ ግን «ኮምፒውተር ላቭ» ይበልጣል። በዚያ ሁሉ ፕላስቲክ ውስጥ አልፎ የሚያባባ ፍቅር! «አይ ዋንት ቱ ቢ ዩር ማን» ደግሞ በ1987 የአሜሪካ አር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቷል።

ራፐሮቹ ቀድመው ገብቷቸዋል። ኢፒኤምዲ የተባሉት ራፐሮች በ1988 «ሞር ባውንስን» ቆርጠው ራፕ አደረጉበት፤ «ካሊፎርኒያ ላቭን» ያቀናበረው ዶክተር ድሬ ደግሞ ሮጀርን ራሱን ስቱዲዮ አስገባው።

መጨረሻው ያሳዝናል። በ1999 ዴይተን ውስጥ፣ ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። 47 ዓመቱ ነበር። ተኳሹ ታላቅ ወንድሙ ላሪ እንደሆነና ራሱንም እንዳጠፋ ነው ፖሊስ የደመደመው። ከዚህ በላይ መተንተን አልወድም።

ኦቶቱንንና ቶክቦክስን ለመለየት «ሰ» እና «ሸ» ላይ ጆሮህን ጣል። በኦቶቱን የሚዘፍነው ጉሮሮ ስለሆነ እነሱም፣ የትንፋሹ ድምፅም ከነነፍሳቸው አሉ። በቶክቦክስ ግን ይሳሳሉ፣ አንዳንዴም ይዋጣሉ፤ ልክ እንደኔ «ሸማ»።