ማርማላታውን ከመጣድሽ በፊት ባዶ ውሃ አፍዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «ከእናቴ ጋር ድሮ የምንሠራውን የእንጆሪ ማርማላታ ከ15 ዓመት በኋላ ልሞክር ነው፣ ያለሁት ጅማ ነው፣ ቴርሞሜትርም ገዝቻለሁ፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። ቴርሞሜትር የምትለዋ ላይ ስደርስ ሆዴ ቡጭ አለ። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ልዩነቱ እኔ ያቆምኩት 20 ዓመት መሆኑ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ልጆች «ስኳር ጨምሪ፣ አማስዪ፣ አለቀ» ብለውሻል። እነሱ እንኳን ማርማላታ ሻይ ያፈሉም አይመስለኝ።

እጅሽ ሥራውን አይረሳውም። ስለዚህ ከሀ ሁ አልጀምርልሽም። እኔን የጎዳኝን ብቻ ልንገርሽ።

1. በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎ ፍሬ በላይ አትጣጂ። እኔ 5 ኪሎ ጣድኩ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሄጄ ልጆቹ «ጎራ» ብለው በጣሳ የሚሸጡትን የዱር እንጆሪ ሳይ የልጅነቴ ነገር መጣብኝና ያላቸውን በሙሉ ገዛሁ። ባጃጅ ውስጥ ፌስታሉን ታቅፌው ነበር። ፈረንጅ አራዳ ሳንደርስ ከሥሩ ተበሳና ነጭ ነጠላዬ የታረደ በግ የታቀፍኩበት መሰለ። ሹፌሩ ደንግጦ «እትዬ፣ ሆስፒታል ልውሰድሽ?» አለኝ። በባልዲ ያዢ። ደግሞ ሲበዛ ለመፍላት ይዘገያል፣ ውሃው ቶሎ አይተንም፣ ፍሬው ሲንተከተክ ይውልና ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይሞታል። ሰፊና ዝቅ ያለ ድስት ውሰጂ። አሉሚኒየም አይሁን፣ ኮምጣጣው ፍሬ ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም። ስቲል ይሻላል።

ማማሰያውም የወጥ አይሁን። የመጀመሪያው ማንኪያ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲለኝ ነው የገባኝ።

2. ስኳር። «እናቴ ስኳር ስላለባት ግማሹን ልቀንስ ወይ?» ብለሻል። ቀንሰሽ መሥራት ትችያለሽ፣ ግን ማርማላታ አይሆንልሽም። ለ1 ኪሎ ፍሬ 1 ኪሎ ስኳር፣ በሚዛን እንጂ በኩባያ አይደለም። ስኳሩ ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም የሚገባው። ውሃውን ይዞ እንዲረጋም፣ እንዳይሻግትም የሚያደርገው እሱ ነው። ለእናትሽ ትንሽ ለብቻው ሥሪና ፍሪጅ አስገቢው፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይበላ። መርጋቱን ግን አትጠብቂ። ስኳሩን ደግሞ ፍሬው ብቻውን ለስለስ ካለ በኋላ ጨምሪ። ቀድሞ ከገባ የፍሬው ቆዳ ጎማ ይሆናል።

የዱር እንጆሪ ሲበዛ የበሰለ ከሆነ የሚያረጋው ነገር ያንሰዋል። ሩብ ያህሉን ገና ቀይ የሆነውን፣ ያልጠቆረውን ቀላቅዪ። ለ1 ኪሎ የ2 ሎሚ ጭማቂ ጨምሪበት። የሎሚውን ፍሬ አትጣዪው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረሽ አብረሽ ቀቅዪውና በኋላ አውጪው። ይሄ የእናቴ ነው። ባልትና ትምህርት ቤት የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ይቺን ግን የትም አላስተማሩኝም።

3. አሁን ወደ ቴርሞሜትሩ።

ልጄ ከውጭ ሲመጣ አንድ ረጅም የማብሰያ ቴርሞሜትር አመጣልኝ። ዩቲዩብ ላይ ያለችው ፈረንጅ «104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ትላለች። እሺ ብዬ 5 ኪሎ ጎራና 5 ኪሎ ስኳር ጥጄ ቆምኩ። 94 አለፈ። 97 ሆነ። 98 ላይ ሽታው ልክ የእናቴ ቤት ሽታ ሆነ። አረፋው ጋብ አለ፣ ድምፁም ከቿ ቿ ወደ ቡቅ ቡቅ ተለወጠ። እጄ ድስቱን ሊያወርድ ሄዶ ነበር። «104 ነው የተባለው» ብዬ እጄን ከለከልኩት። አየሽ፣ እዚያች ጋ ነው ያበላሸሁት። 20 ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን ሥራ እጄ አስታውሶት ነበር፣ እኔ ግን ያመንኩት ብርጭቆውን ነው።

99 ላይ ተገትሮ ቀረ። ከሰል ጨመርኩ። 100 ሆነ። ክንዴ ዛለ። መጨረሻ ላይ 104 ገባ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በየጠርሙሱ ገለበጥኩት። ጠዋት ማንኪያ ሳስገባ ማንኪያው ቆሞ ቀረ። ማርማላታው ደስታ ከረሜላ ሆኗል። ታናሽ እህቴ መጥታ አይታ «በመዶሻ ነው የሚበላው?» አለች፣ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ታነሳብኛለች። ድስቱን ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት። 5 ኪሎ ስኳር፣ በዚህ የስኳር ዋጋ!

ልጄን ደውዬ «የተበላሸ ዕቃ ነው ያመጣህልኝ» ብዬ ጮህኩበት። ለማረጋገጥም ባዶ ውሃ አፈላሁና ነከርኩት። ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ እሱ 94 ላይ ቆሟል። «ይኸው! ውሃ በ100 እንደሚፈላ አንደኛ ደረጃ ተምሬያለሁ» አልኩ። ጎረቤቴ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ይዤለት ሄድኩ። ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ዕቃው ደህና ነው። 100 የሚሆነው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1750 ሜትር ከፍ ትላለች። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ግድም ትቀንሻለሽ» አለኝ።

አየሽ ነገሩን? የፈረንጇ 104 ማለት ለካ «ውሃ ከሚፈላበት 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል» ማለት ነው። ለእኛ 98 እስከ 99 ነው። ሽታው የእናቴን ቤት የመሰለኝ ቦታ! እናቴ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ቆርቆሮ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ በጣቷ ትገፋው ነበር፣ በቃ።

ስለዚህ ቁጥር ብትይዢም የሳህኑን ነገር አትተዪ። መጣድ ስትጀምሪ ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። 97 ሲሆን ግማሽ ማንኪያ ጠብ አድርጊበት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ በጣትሽ ገፋ አድርጊው። ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል። ውሃ ሆኖ ከሸሸሽ ሦስት ደቂቃ ጨምሪና ድገሚ። ስትፈትሺ ግን ድስቱን ከእሳት አንሺው፣ አንቺ ሳህን ስታዪ እሱ ያልፍብሻል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ አትደንግጪ። ክደኚውና ሲመጣ ቀጥዪ፣ ወይ ከሰል አያይዢ። እኔ እንደውም የኤሌክትሪክ ምድጃ ትቻለሁ።

4ኛው ምን ነበር? አዎ፣ ጠርሙስ። ከቆራሌው የገዛሁት ጠርሙስ ጥሩ ነበር፣ ክዳኑ ግን የሰናፍጭ ሽታ አልለቅ አለኝ። ክዳን አዲስ ግዢ። ጠርሙሱን ቀቅዪ፣ ትኩሱን በትኩሱ ሙዪ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ከገለበጥሽ ይሰነጠቃል። ክዳኑን ገጥመሽ መልሰሽ የፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዪው። ባሕር ጠረፍ ላሉት 5 ደቂቃ ይበቃል ይላሉ፣ የእኛ ውሃ ሲፈላ የእነሱን ያህል ስለማይግል ነው የሚጨመረው። ከሻገተ ደግሞ ላዩን ገፍፈሽ አትብዪ፣ ሙሉውን ድፊው። እናቴ ትገፍፍ ነበር፣ እዚህ ላይ ግን አልሰማትም።

«ቢሳካልኝ ልሸጥ አስቤያለሁ» ላልሽው። እኔም አስቤ ነበር። ፈቃድ ላወጣ አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ ስሙን ተዪው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን ሳታስቀምጥ «ማርማላታ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ሽሮና በርበሬ ውስጥ ላስገባሽ?» አለችኝ። ልጄ፣ ይሄ ፍራፍሬ ነው አልኳት። «እንግዲያው ጁስ ነዋ» አለች። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጠርሙስ ይዤላት ሄድኩ፣ ቀምሳ እንድታውቀው ብዬ። ጠርሙሱን ተቀበለች፣ ወረቀቴን «ነገ ነይ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። አሁን ለሰፈር ሰው በትእዛዝ ብቻ ነው የምሠራው፣ ጠርሙስ የመለሰልኝ ቅድሚያ ያገኛል። ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ ዳቦ ላይ ቀብታ «ይሄን ከየትኛው ሱፐርማርኬት ነው የምትገዙት?» ብላለች። እህቴ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። መዶሻውን የዚያን ቀን አላነሳችውም።

ቅዳሜ የምትጥጂ ከሆነ ዓርብ ማታ ባዶ ውሃ አፍዪና ቴርሞሜትርሽ ስንት እንደሚል እዚህ ጻፊልኝ። 94 ባይልሽም፣ 93 ወይ 96 ቢልሽ፣ ዕቃውን አትጣዪው። ያየሽው ላይ አራት ተኩል ደምረሽ እዚያ ላይ አውርጂ።